የአባዬ መሐላና ነጩ ጫማ

ሰኞ፣ ሐምሌ 20

አልጠራኝም!

ጥዬው ሄድኩ። ቀስ ብዬ፣ ሃያ እርምጃ ያህል፣ መንገድ ዳር የተደረደረውን ባልዲ ሁሉ የማይ መስዬ። ገዢ ጥሎ ሲሄድ ሻጭ "ነይማ፣ ስንት ትጨምሪያለሽ?" ብሎ ይጠራል። ሰኞ ገበያ ከእማዬ ኋላ እየተከተልኩ የተማርኩት ሕግ ይኼ ነው። ሰልባጅ ሻጩ ሐሰን ግን አልጠራኝም። ዞር ብዬ ሳየው ለሌላ ሴት ሹራብ እያራገፈ ያሳያል። ልመለስ ብል ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ኩራቴን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ጫማው እዚያው ቀረ።

ጫማውን ልጻፈው። ከአሰብ በመጣ የሰልባጅ ቦንዳ ውስጥ፣ በካፖርትና በሕፃን ልብስ መሃል፣ ነጭ ቆዳ ብቅ ብሎ አየሁ። ስስበው ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር ጫማ ነው፤ ከሶሉ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የቆመ ብረት አለው። የበረዶ መንሸራተቻ! የምሠራበት የኮምቦልቻው ፋብሪካ ለፈትል ሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን በላከን ጊዜ፣ በብርዱ ወራት በእንዲህ ያለ ጫማ በረዶ በሠራ ሐይቅ ላይ ስንሸራተት ነበር። ያስተማረችኝ አብራኝ ታድር የነበረችው ሬናቴ ናት። በአንድ እግሬ ስምንት ቁጥር እስከመሥራት ደርሻለሁ። ስመለስ ሻንጣዬ ኪሎ አለፈና ጫማዬን ለእሷ ትቼላት መጣሁ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኩት ሐሰንን፣ በሕይወቴ አይቼው እንደማላውቅ ሁሉ።

"የሥጋ ቤት ጫማ ነው፣" አለ ዓይኑን ሳያሽ። "ፈረንጅ በእጁ አይከትፍም። እየረገጠ ነው የሚከትፈው።"

ሳቄን ዋጥኩ። ዋጋውን ስጠይቀው ሰማንያ ብር አለ፤ "ጫማም ነው ቢላዋም ነው፣ ሁለት ዕቃ ነው የምትወስጂው" ብሎ። ሃያ አልኩት። ሳቀብኝ። ጥዬ ሄድኩ። የቀረውንማ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ለምን እንደዚህ እንደምብሰለሰል እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? አባዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወንዶቹ እንደተለመደው በረንዳቸው ላይ ተሰብስበው ሳለ፣ አጠገባችን ምስማርና ማጠፊያ የሚሸጡት ጋሽ እንድሪስ፣ "ይማም፣ ልጅህ በፈረንጅ አገር በበረዶ ላይ ትሄድ ነበር አሉ። ነገ ደግሞ በእንቁላል ላይ ሄድኩ ትልሃለች" ብለው ሁሉንም አሳቁ። አባዬ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ተነሡ። "ወላሂ! አረፋ ሳይገባ ልጄ በበረዶ ላይ ስትሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ!" አሉ።

አባዬ ወላሂ ሲሉ የሰማሁት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። ጨርቁ ለሱሪ አይበቃም ካሉ አይበቃም፤ ደሴ በአፋቸው ያምናል። አሁን በእኔ ምክንያት ያ አፍ ሊዋሽ ነው። አረፋ ከነገ ወዲያ ረቡዕ ሳይሆን የሚቀጥለው ረቡዕ ነው። የዓመት ፈቃዴም ያኔ ያልቃል።

በረዶ ከየትም አላመጣም። ግን ጫማውን ባገኝ፣ ብረቱን አስነቅዬ በምትኩ እንደ ጎማ የሚሽከረከር ኩሽኔታ ባስገጥምለት፣ የቀበሌው አዳራሽ ሊሾ ላይ እንቅስቃሴው አንድ ነው። ጀርመን ልጆች በበጋ እንደዚያ ያደርጋሉ።

የሚያስፈልገኝ፦
ጫማ (ሐሰን ጋ፣ ካልተሸጠ)
ስምንት ኩሽኔታ፣ መጠኑ አንድ የሆነ
የሚበይድልኝ ሰው
አዳራሹ
ልብስ፣ አባዬ የማይቆጡበት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 21

ገዛሁት። ገዛሁት፣ ገዛሁት!

ሐሰን ማክሰኞ ገበያ አይወጣም፤ ሸዋ በር ወዳለችው ሱቁ ሄድኩ። ጫማው በር ላይ ተንጠልጥሏል። ብረቱ ግን የለም። "ቢላዋውን ባለሥጋ ቤቱ ገዛኝ፣" አለ፣ ትልቅ ሙያ እንደሠራ ሁሉ። "ወላሂ በመዶሻ ስነቅለው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ያ የተሳለ ብረት አሁን የደሴን ጎድን ይቆራርጣል። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባኝ፤ እኔ ራሴ ላስነቅለው ነበር እኮ! ሰውዬው ሥራዬን ሠርቶልኛል። ፊቴን አኮሳተርኩ።

"ሐሰን፣ ይሄ ጫማ ከሥሩ ስምንት ቦታ ተበስቷል።"

"ይደፈናል።"

"በሐምሌ ዝናብ? ያደረገው ሰው ቧንቧ ውሃ ጋ ሳይደርስ እግሩ ይዋኛል።"

"ተረከዙም ከፍ ያለ ነው፣ ለሴት ያምራል።"

"ለየትኛዋ ሴት? ስትረግጠው ወደ ፊት ይደፋታል።"

በዚህ ጫማ ለመራመድ ሦስት ሰው ሞክሮ እንደተወው ከፊቱ አነበብኩ። አሥራ ሁለት ብር አልኩ፤ አሥራ አምስት አለ፤ ቦርሳዬን ዘጋሁ። በዚህኛው ጠራኝ! ሁለት እርምጃ እንኳ አላስኬደኝም። በአሥራ ሁለት ብር ተስማማን። ከዚያ ደረቴን ነፍቼ ቆሜ "ምርቃቱስ?" አልኩት። ጥግ ላይ የተጣለ የከፋይ መጋረጃ አለ፤ አንድ ቦታ በሲጋራ ተበስቷል። "ውሰጂልኝ፣ ቦታ ይዞብኛል" አለ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ሦስት ሜትር የሚሆን ከፋይ! ልብሴ ተገኘ።

ጫማው በአንድ ቁጥር ይሰፋኛል። ጥጥ እጠቀጥቅበታለሁ፤ ጥጥ እንደሆነ ለፈታይ አይቸግራትም።

አባዬ ጫማውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱ። "ድርብ ነው። በሰም የተሳበ ክር ነው። ይሄን የሰፋው ሰው የሚያፍርበት ሥራ አልሠራም፣" አሉ። ስለ መሐላው አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔም አላነሣሁም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 22

ኮምቦልቻ ውዬ መጣሁ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ስለነበር አውቶቡሱ መብራት አብርቶ ነው የወረደው። ታች ስንደርስ ፀሐይ! ሹራቤን አውልቄ በክንዴ ያዝኩ።

ፋብሪካ ውስጥ የብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የሚሠሩት ጋሽ ወልዴ ከሥራ ሲወጡ ጠብቄ ጫማውን አሳየኋቸው። ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "ላሜራ ከሥሩ፣ ሁለት አክስል ከፊት ከኋላ፣ ብሎኑ በዳዶ ይጠበቃል። ልጄ፣ ይሄ ጋሪ ነው እኮ፣" አሉ። ጋሪ ነው አልኳቸው። "ሰው የሚጎትተው ስንት ጋሪ ሠርቻለሁ፤ ሰው የሚጫማው ገና ነው፣" ብለው ሳቁ። ወንድማቸው ጋራዥ ውስጥ ሊሠሩልኝ ተስማሙ። ኩሽኔታውን ግን አንቺ አምጪ አሉኝ።

መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች አንዱ ገባሁ። ባለጋራዡ ናፍጣ በሞላው ቆርቆሮ ውስጥ ሃምሳ የሚሆን የዲናሞ ኩሽኔታ ዘፍዝፏል። ልጆች ለእንጨት ጋሪያቸው ይገዙታል። ለእኔ ግን ዋጋውን እጥፍ አደረገው። ምናልባት በቦርሳዬ ፈርዶብኝ ይሆናል።

"ግማሹ የሞተ ነው፣" አልኩት።

"ሁሉም አንድ ነው። በዓይን አይለይም።"

"በዓይን ማን አለህ?"

እዚህ ላይ ልኩራ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአራት መቶ እንዝርት መሃል ቆሜ ነው የምውለው። የታመመ እንዝርት የማስጠንቀቂያ መብራቱ ሳይበራ በፊት በጆሮዬ ነው የማውቀው። ኩሽኔታውን ጣቴ ላይ ሰክቼ፣ አዙሬ ጆሮዬ ሥር እይዘዋለሁ። ደህናው እስኪቆም አንድ ዓይነት ድምፅ አለው። የሞተው መሃል ላይ ያንቀዋል።

"ዓይኔን ልጨፍን፣" አልኩት። "አንተ እየሰጠኸኝ ደህናውን ከሞተው ልለይ። ካልተሳሳትኩ በልጆቹ ዋጋ ትሸጥልኛለህ።"

ሥራቸውን ትተው ከበቡን። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንደኛውን ደህና አልኩ። ሁለተኛውን የሞተ። ሦስተኛውን ሲሰጠኝ አዞርኩና "ይሄንን አሁን ሰጥተኸኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ነው" አልኩት። አንዱ መካኒክ "ያረቢ!" ብሎ ጮኸ። ዓይኔን ስገልጥ ባለጋራዡ ራሱን እያከከ ነው። ስምንቱን ራሴ መርጬ በልጆች ዋጋ ወሰድኩ። ስወጣ ለሥራ እንድመጣለት ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፣ አልቀለደም።

ኩሽኔታውንና ጫማውን ለጋሽ ወልዴ ሰጥቼ ተመለስኩ። እጄ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። በደስታ ነው የማሸተው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 23

ክፉ ቀን።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የጦሳ ተራራ ጠቆረ። ከዚያ ባቄላ የሚያህል በረዶ ቆርቆሮውን ይወግረው ጀመር። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሲያባራ ደጁ ነጭ ሆኗል፤ ቦዩ ሞልቷል። ቤት ውስጥ ከፋዩን እየለካሁ ሳለ ከውጭ ጩኸት ሰማሁ።

"ሰዓዳ! ሰዓዳ! በረዶሽ መጣልሽ! ሳይቀልጥ ውጪ!"

ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ከኋላቸው በረንዳው ሙሉ ሰው። እሳቸውማ በሰሐን ዝቀው ይዘዋል። "ነይማ ጃል፣ እስቲ ሂጂበት! ትንሽ ነው ካልሽ ከእኛም ግቢ እናምጣልሽ!"

ሳቁ። ሴቶቹም ሳቁ። አንዷ ከልቧ ነው፣ ሳትስቅ "እግሯን አይወጋትም?" ብላ ጠየቀች። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ወጣሁ።

"ይሄ እኮ በረዶ አይደለም!" አልኩ።

አፌ ውስጥ እያለ ስህተቴ ገባኝ። በረዶ ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ? ጀርመኖቹ ለሁለቱ ሁለት ስም አላቸው። እኛ ከሰማይ ለሚወርደውም፣ ሐይቅ ላይ እንደ ሰሌዳ ለሚጋገረውም አንድ ስም ነው ያለን፤ እዚህ አገር የሚያውቁት ደግሞ የሚወርደውን ብቻ ነው። ሰሐኑን እያዩ "በረዶ አይደለም አለች!" ብለው ፈነዱ። ልገልጽ ሞከርኩ፤ ሐይቅ ይደርቃል፣ ማለቴ ይጠነክራል፣ መኪና ይሸከማል አልኩ። መኪና ስል ባሰባቸው። እኔ ባልሆን እኔም እስቅ ነበር። በንዴት ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ያን ማየታቸው ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

አባዬ ከስፌት መኪናቸው ሳይነሡ፣ "አይደለም ካለች አይደለም፣" አሉ። ድምፃቸው ደህና ነበር። እግራቸው ግን መርገጫውን መምታት አቁሟል።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወንዶቹ ሲበተኑ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦ "ሰዓዳ፣ ታዲያ ያንቺው በረዶ ምን ዓይነት ነው?"

ደነገጥኩ። አባዬም ይሄንኑ ከሰማይ የሚወርደውን ነበር ያሰቡት! ልጄ በበረዶ ፍሬ ላይ ትሄዳለች ብለው ነው የማሉት። እንዴት እንደሚሆን ሳያውቁ፣ ሊሆን እንደማይችል እያዩ፣ እኔ ስላልኩ ብቻ። የሻይ ብርጭቆ ገልብጬ፣ ለስላሳውን ሥሩን በጣታቸው አስነካኋቸው፤ ውሃ እንደዚህ ሲሆን አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ሥሩን ሲያሹ ቆዩ። "ሱብሃነላህ፣" አሉ።

ካልሠራሁት አልኖርም። ይኸው ጻፍኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 24

የቀበሌ ሊቀመንበሩ ግማሽ ቀን አስጠበቀኝ። ከዚያ፦ "ይህ ነገር ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅማል?"

ተዘጋጅቼበታለሁ። "ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሠርቶ አደሮች የተማርኩት ስፖርት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የሠርቶ አደሩን ጉልበት ያዳብራል።"

ብዕሩን አነሣ። እሁድ ከቀበሌው ስብሰባ ቀጥሎ፣ ወንበሩ ወደ ዳር ተገፍቶ፣ ሃያ ደቂቃ። እስኪጽፍ ቆሜ ጠበቅኩ። ወረቀቱን ሳየው "የበረዶ ላይ ስፖርት ትርኢት" ይላል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በረዶ የለውም እኮ። በሊሾ ላይ ነው።"

"በረዶ ነው ሲሉ የሰማሁት።"

"እሱ ሌላ ነው..."

"ማኅተም ተመቷል፣" አለና ቀና ብሎም አላየኝም።

ወረቀቱ በር ላይ ተለጠፈ። እስከ ዓሥር ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ እሁድ አዳራሽ ውስጥ በረዶ እንደሚዘንብ አውቋል። የጎረቤታችን ሴትዮ ለልጆቿ ኮፍያ ያስፈልግ እንደሆነ ልትጠይቀኝ መጣች።

ልብሱ ግን! አባዬ ሌላ ሥራ አቁመው ከፋዩን ቆረጡ። የሲጋራው ቀዳዳ ብብት ሥር ገባ፤ ብትፈልግም አታገኘውም። ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ስዞር የሚነፋ፣ ከሥሩ ሱሪ። ጀርመኖቹ የሚለብሱትን ሳሳያቸው (በእጄ ቁመቱን) "አስተግፊሩላህ" ብለው ነበር። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ "ደግሞ ልትወድቂ ነው፣ ወፈር አድርጎ ይስፋልሽ" አለች። መቀመጫው ላይ ጥጥ አስገቡልኝ። ለዚህ ምክር ነገ ሳላመሰግናት አልቀርም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 25

አመሰገንኳት። ዘጠኝ ጊዜ ወደቅኩ።

ጋሽ ወልዴ በጠዋቱ አውቶቡስ ይዘውት መጡ። ላሜራው በስምንቱ የሐሰን ቀዳዳዎች ልክ ገብቷል! ሰውየው ሳያውቅ እንኳ ረድቶናል። ጫፉ ላይ ለማቆሚያ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጎማ አድርገውበታል፤ በረባሶ የሚሠራበት ዓይነት። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ከፊት ወንበር ያዢልኝ ብቻ አሉኝ።

አዳራሹን ቆለፍንና ገባሁበት። መጀመሪያ ድምፁ፤ ብረት በሲሚንቶ ላይ፣ ሙሉ የፈትል ክፍል የገባ ይመስላል። ከዚያ መውደቅ። ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ጉልበቴ ረስቷል። በቀኝ፣ በግራ፣ በመቀመጫ። ጋሽ ወልዴ ጥግ ላይ ቆመው በወደቅኩ ቁጥር "በስመ አብ" ይላሉ። ስድስተኛው ላይ ዳዶ ላላ፤ አወለቁ፣ በሁለት ዳዶ ቆለፉት። ስምንተኛው ላይ ልተው አሰብኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ መሬት ላይ ተቀምጬ አባዬን ምን እንደምላቸው ቃላት መምረጥ ጀምሬ ነበር።

ዘጠነኛው ላይ ሳልነሣ ሊሾውን በእጄ ዳሰስኩ። ለዓመታት ሰው የሄደበት፣ በሰም የታሸ፣ ቀዝቃዛ። ከሥሬ ያለው ጎማ ቢሆን ይይዘኝ ነበር፤ ብረት ግን ይንሸራተታል። እኔ በጋሪ ላይ እንደቆመ ሰው ነው የቆምኩት። በበረዶ ላይ እንደቆምኩ ልቁም። ጉልበቴን አጠፍኩ፤ ክብደቴን ወደ ጎን ጣልኩ፤ ሬናቴ "አትርገጪው፣ ተደገፊው" ትለኝ ነበር።

ሄደ! ዞረ! ግድግዳው በጎኔ አለፈ። ሳቄ ከጩኸቱ በላይ ይሰማኛል። ሦስት ዙር፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ቀኝ እግሬን አነሣሁ። ስቆም ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው። "ጋሪ አይደለም፣" አሉ።

ሰውነቴ በሙሉ ሰምበር ነው። በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው።

እሁድ፣ ሐምሌ 26

ከየት ልጀምር?

አዳራሹ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። ከስብሰባው የሸሸ አልነበረም። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ኮፍያ አድርገውላቸዋል። ዝናብ ስለነበር ሰው በጭቃ ጫማ ሊሾውን አበላሸው፤ እማዬ ከአክስቴ ጋር ተንበርክካ በጨርቅ አደረቀችው። አባዬ ከፊት ናቸው፤ ግራቸው ጋሽ ወልዴ፣ ቀኛቸው ጋሽ እንድሪስ፤ አጠገባቸው የመስጊዳችን ሸህ፣ ሽማግሌው ሸህ ሙሄ።

ወጣሁ። ድምፁ ሲነሣ ፊተኞቹ ወደ ኋላ ሸሹ። አንድ ዙር፤ ሁለት ዙር። ፍጥነቴ ሲጨምር ከፋዩ ተነፋ። ወደ ኋላ ስሄድ አንዲት ሴት "ግድግዳው! ግድግዳው!" ብላ ጮኸች፤ ግድግዳው ጋ ሳልደርስ ዞርኩ። ጭብጨባ። ከዚያ መሃል ላይ መጣሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ግራ እግሬን አነሣሁና ስምንት ቁጥሩን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ክብ ዘጋሁ። ሁለተኛው ላይ ቁርጭምጭሚቴ ተንቀጠቀጠ። አባዬን አየሁ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጨብጧል፤ ጨርቅ ሲቆርጡ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ተደገፍኩት። ዘጋሁት። በአንድ እግር፣ መሬት ሳልነካ፣ በተነሣሁበት ቦታ።

ቆርቆሮው ሊነሣ ደረሰ። እልልታ፣ ፉጨት፣ "ማሻ አላህ!" ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ያጨበጭባል።

ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ተነሡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ይማም፣ ዓውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። አየሁ። በዓይኔ አየሁ፣" አሉ። ሸህ ሙሄ ፈገግ ብለው "እንግዲህ መሐላው ደርሷል፤ ግን ነገር በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው" አሉና ወደ አባዬ ዞሩ። "ስትምል በልብህ የነበረው ምን ነበር?"

"ይኼው ያያችሁት ነው" ቢሉ አበቃ። ሁሉም ረክቷል፤ የሚከራከር አንድ ሰው የለም። አባዬ ትንሽ አሰቡ።

"ከሰማይ የሚወርደው፣" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሸህ ሙሄም ሳቁ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው አልደረሰም። አሥር ድሃ አብላ።" አባዬ "እሺ" ብለው ተቀመጡ።

እኔ ጫማዬን ሳልፈታ ቆሜ ቀረሁ። ቤት ስንገባ ግን ጠየቅኳቸው፦ "አባዬ፣ አፈሩብኝ?"

ኮታቸውን እየሰቀሉ ነበር። ዞር አሉ። "በምን? ያንቺ ቃል ሙሉ ነበር። እሄዳለሁ አልሽ፣ ሄድሽ። ወላሂን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ባንቺ ቃል ላይ የሚጨመር አልነበረም፤ ዕዳው የእኔ ነው።"

ከዚህ በላይ ምን ልጽፍ እችላለሁ። ደስ ብሎኛል። ኮርቻለሁ፤ በራሴም፣ በእሳቸውም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 27

እማዬ ከማለዳ ጀምራ ታጉረመርማለች። "የማለው እሱ፣ የሄደችው እሷ፣ ሽንኩርት የምልጠው እኔ!" ግን ከገበያ የተረፈ ሥጋ አላመጣችም፤ ምርጡን ነው የገዛችው።

አሥሩ ሰዎች ከመስጊዱ ደጅና ከሰኞ ገበያ ዳር ተሰበሰቡ። አባዬ የእያንዳንዱን እጅ አስታጠቡ። እያንዳንዱን ሲያስታጥቡ ደግሞ ምክንያቱን ነገሩት። "ከፋራ፣ የመሐላ ካሣ ነው የምትበላው። ልጄ በሊሾ ላይ በአንድ እግሯ ስምንት ሠራች፤ እኔ በረዶ ብዬ ምዬ ነበር። ሊሾው ግን... እስቲ ብላ፣ ከበላህ በኋላ እነግርሃለሁ።" አሥር ጊዜ! በተነገረ ቁጥር ፍጥነቴ እየጨመረ መጣ። ለአምስተኛው ሰው ሲነግሩ ግድግዳውን በስንዝር ነው ያለፍኩት፤ ለስምንተኛው በአንድ ጣት። ቅጣት ነው ወይስ ድግስ ነው፣ ራሴ አላወቅኩም። ሸህ ሙሄ ቢሰሙ ሌላ አሥር ያስጨምሯቸው ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ሳይጠሩ መጡ። "አንተ ድሃ አይደለህም፣" አሏቸው አባዬ። "በሰው ፊት ዓውፍ በለኝ ያልኩ ሰው ከዚህ በላይ ምን ልደኽይ?" ብለው ገቡና በሉ።

አንዲት አሮጊት ከሁሉ ዘግይታ የበላች፣ ምርቃቷን ስትጨርስ፣ "ልጅቱ ሌላስ ምን ታውቃለች?" ብላ ጠየቀች። አባዬ ቀና አሉ። "ሌላስ? የከርሞው አረፋ ሳይገባ ከመሬት ተነሥታ፣ በአየር ላይ ዞራ፣ በአንድ እግሯ ስታርፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ! ወላ—"

እማዬ ማንኪያ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው።

"—ኢንሻአላህ፣" አሉ አባዬ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ነገ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ጋሽ ወልዴን ላነጋግር ነው፤ ላሜራው ዝላይ ይችል እንደሆነ። እኔ እችል እንደሆነ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። መዝለል ከሬናቴ አልተማርኩም።